የፈረደ ሰባት ቁጥር ብረት

ጎረቤቴ ፈረደ በዚህ ዓለም ከሚስቱ ከጌጥነሽ ቀጥሎ የሚወደው የጎልፍ ኳስ መምቻ ብረቶቹን ነው። እንዲህ የሚለው እሱ ነው። ጌጥነሽ ግን «ቀጥሎ» የሚለውን ቃል አትቀበለውም። ወገቧን ታማ ስትተኛ በቅባት የማሻት እኔ ነኝ፤ እሱ ብረቶቹን ሰንበት ከመግባቱ በፊት አንድ በአንድ ዘይት ይቀባቸዋል፣ በለስላሳ ጨርቅም ይወለውላቸዋል።

እኔ ብዙወርቅ እባላለሁ፤ የምኖረው ከእነሱ በታች ባለው ፎቅ ነው። ፈረደ ሳሎኑ ውስጥ ምንጣፍ ላይ ኳስ ሲመታ ኳሱ የሚንከባለለው በእኔ ጭንቅላት ላይ ስለሆነ፣ ስለ ጎልፍ የመናገር መብት አለኝ። የምንኖርባት የእስራኤል ከተማ ቂርያት ጋት ውስጥ የጎልፍ ሜዳ የለም። ፋብሪካ አለ፣ ባቡር አለ፣ ሙቀት እንደ ልብ ነው። የጎልፍ ሣር ግን በውኃ ካልተንቀባረረ አይበቅልም፤ በእኛ ሰፈር ደግሞ ለሰውም የሚበቃ ጥላ ገና አልተተከለም። ስለዚህ ፈረደ ከመጨረሻዎቹ ሕንፃዎች ኋላ፣ ከባቡሩ ሐዲድ ወዲህ ያለውን እሾሃማ መሬት የራሱ የጎልፍ ሜዳ አድርጎ ሾመው። መጀመሪያ ሰሞን ሰው ሁሉ እባብ የሚገድል መስሎት ነበር። ፊት ለፊት ያለችው ሩሲያዊት እንዲያውም ማዘጋጃ ቤት ደውላ፣ በመጨረሻ ሠራተኛ ስለላካችሁ ተባረኩ ብላ አመስግናለች።

ይህ የጎልፍ ፍቅር የያዘው ፋብሪካ ውስጥ ነው። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተጭነን ስንመጣ ፈረደ ጎልማሳ ነበር፤ ጌጥነሽ ልጃቸውን ያኢርን አዝላ ነበር። ፈረደ ኢንዱስትሪ ቀጠናው ውስጥ ሥራ ገባ፣ አለቃውም ሊዮን የሚባል የደቡብ አፍሪካ ሰው ሆነ። ሊዮን ዓርብ ዓርብ ባሕሩ ዳር ወዳለው የጎልፍ ሜዳ ይሄዳል። ጀርባውን ሲያመው ከረጢቱን እንዲሸከምለት ፈረደን ይዞት መሄድ ጀመረ፤ ውሎ አድሮ ፈረደም መምታት ተማረ። ሊዮን አርጅቶ ውጭ አገር ወዳለችው ልጁ ዘንድ ሲሄድ ከረጢቱን ከነብረቶቹ ተወለት። ሌሎቹ ሠራተኞች ከአለቃቸው የወረሱት የጨጓራ በሽታ ብቻ ነው።

እነዚህን ብረቶች የሠራቸው ድርጅት መሥራቱን ከተወ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ራሳቸው ትንሽ ነው፣ ጠርዛቸው ቀጭን፣ ዘንጋቸው ከባድ። እያንዳንዳቸው ቁጥር አላቸው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ኳሱ ይርቃል። በመሐላቸው ከመታህ ኳሱ ሳይሰማህ ይሄዳል፤ ጥፍር ታህል ከሳትክ ግን እስከ ብብትህ ድረስ ይነዝርሃል። ፈረደ ይህን እንደ ጸጋ ነው የሚያወራው። «ስህተትህን እዚያው ይነግርሃል» ይላል። እኔ ስህተቴን የሚነግሩኝ ሁለት ምራቶች ስላሉኝ ብረት አላስፈለገኝም።

ዋናው ምክንያቱ ግን ሌላ ነው፤ የአንድ አገር ልጆች ስለሆንን አውቀዋለሁ። በእያንዳንዱ ብረት ጀርባ ላይ አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ተቀርጻለች። ድሮ ፈረደ ምን ማለት እንደሆነች ሊዮንን ጠየቀው። ሊዮንም በኩራት፣ «በመዶሻ ተቀጥቅጦ የተሠራ ማለት ነው። አዲሶቹ ቀልጠው በቅርጽ ውስጥ የሚፈሱ ናቸው፤ እነዚህ ግን ተቀጥቅጠው የወጡ ናቸው» አለው። ፈረደ የዚያን ዕለት ምሳ አልበላም።

የፈረደ አባት ወገራ ውስጥ ቀጥቃጭ ነበሩ። በእኛ አገር ደግሞ ብረት ቀጠቀጠ ማለት ማታ ማታ ጅብ ሆኖ ያድራል ማለት ነበር። ጎረቤቶቻችን ቀን ማረሻቸውን ያሠሩና ያመሰግናሉ፤ ሲመሽ በዚያው በር ሲያልፉ፣ ቡዳ እንዳይበላቸው ብለው ልጆቻቸውን በነጠላ ይሸፍናሉ። እዚህ ግን ሀብታም ሰው ያንኑ ቃል ብረቱ ላይ አስቀርጾ፣ በቆዳ ከረጢት ይዞ፣ ሰው እንዲያይለት በሜዳ ላይ ይንጎራደዳል። ፈረደ ብረቶቹን የወደዳቸው ለዚህ ነው። ለልጆቹ ግን ስለ አባቱ ሞያ ትንፍሽ አላለም። «አያታችሁ ገበሬ ነበር» ብሎ አሳደጋቸው፤ እኛም ያገሩ ሰዎች አፋችንን ዘጋን።

ያኢር አድጎ መሐንዲስ ሆነ። ካርሜ ጋት በሚባለው አዲሱ ሰፈር፣ ሊፍቱ በሚያናግርህ ሕንፃ ላይ ይኖራል፤ በባቡር ቴል አቪቭ ይመላለሳል። ጥሩ ልጅ ነው። አባቱ ጡረታ በወጣ ጊዜ ድግስ ተደገሰ፤ ያኢርም የሥራ ጓደኞቹን ይዞ መጣና፣ ሳሎኑ መሐል ሬሳ ሳጥን የሚያህል ካርቶን አስቀመጠ። ውስጡ ሙሉ የአዲስ ዘመን የጎልፍ ብረቶች ነበሩ።

«ማታና ነው፣ አባ» አለ፤ ስጦታ ነው ማለቱ ነው። የብረቶቹን መልካምነት ሲያስረዳ የሙሽራ አባት መሰለ። ራሳቸው ሰፋ ያለ ነው። ውስጣቸው ክፍት ሆኖ፣ መሐሉ ላይ ንዝረት የሚውጥ ለስላሳ ነገር ተሞልቷል። ዘንጉ ቀላል ነው፤ ያረጀ ትከሻ አያደክምም። ከመሐሉ ስተህ ብትመታ እንኳ ኳሱ ወደ ፊት ይሄድልሃል። ይህን ሁሉ ለማወቅ ስንት ሌሊት ኮምፒውተር ላይ እንዳፈጠጠ ሚስቱ ነግራናለች።

ፈረደ ሰባት ቁጥሩን አነሣ፣ ገለበጠው፣ መዘነው፤ ከዚያ እንግዳ ሁሉ እየሰማ፣ «ይህ መምታት ለማይችል ሰው የተሠራ ነው» አለ።

«ናኾን፣ አባ» አለ ያኢር ፈገግ ለማለት እየሞከረ። «ልክ ነህ። ግን መምታት የምንችል ስንቶቻችን ነን?»

«እኔ እችላለሁ።»

«ያንተ ሰባት ከዚህ ሰባት እኩል አይሄድም። ተለክቷል። አዲሱ ከሃያ ሜትር በላይ ይበልጣል።»

«የሚበልጠው አምስቱን ሰባት ብለው ስለጻፉበት ነው!» አለ ፈረደ፤ እሱ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁ። «ሊዮን አሳይቶኛል። ወደ ኋላ ጋደል ያለውን ፊት ቀና አደረጉት፣ ዘንጉን አስረዘሙት፣ ቁጥሩን ግን እንዳለ ተዉት። ሰው ጎበዝኩ ብሎ ደስ እንዲለው።»

እውነቱን ለመናገር በዚህ ላይ ፈረደ ልክ ነው፤ ነገሩ ደግሞ በጎልፍ ብቻ አይደለም። እኔ በአንድ መሥሪያ ቤት ወለል ስጠርግ ነው የኖርኩት። ድሮ ጽዳት ይሉኝ ነበር። አሁን አንገቴ ላይ የተንጠለጠለው ካርድ «የአካባቢ እንክብካቤ ኃላፊ» ይላል። መጥረጊያው ያው ነው፣ ወለሉ ያው ነው፣ ወገቤም አልታለለም። ይሁንና ልጅ ስጦታ ይዞ ሲመጣ በሰው ፊት እንዲህ አይባልም። ያኢር ሚስቱንና ልጁን ኤሊያናን ይዞ፣ ኬኩ ሳይቆረስ ወጣ።

ከዚያ በኋላ በሰንበት መምጣቱን ተወ። ፈረደም አልደወለም። ካርቶኑ አልጋ ሥር ገባ፤ ጌጥነሽ ለልጅ ልጇ ብላ የምትጋግረውን የሰንበት ዳቦ እኔ መብላት ጀመርኩ፣ ወፈርኩም። ወራት አለፉ። አንድ ቀን ጌጥነሽ ኩሽናዬ ውስጥ ቁጭ ብላ፣ «ብረት ልጄን ቀማኝ፣ ብዙዬ» ብላ አለቀሰች። በማግስቱ ሽማግሌ ጠራች።

ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። ዋናቸው አባ አቻምየለህ ነበሩ፤ ከሰማንያ ያለፉ፣ ጆሯቸው የከበደ፣ እጃቸው ግን እንደ ጉጠት የሆነ። የሰፈሩ ሴቶች ቢላ ሁሉ በእሳቸው እጅ ነው የሚሳለው። ያኢርም የእናቱን ልመና እምቢ ማለት አቅቶት መጣ፤ ከአባቱ በተቃራኒው ሶፋ ላይ ተቀመጠ። ከዚህ በፊት ሽማግሌዎቹ የባልና ሚስት ጠብ፣ የርስት ክርክር፣ የሠርግ ቅያሜ አይተው ያውቃሉ። ጎልፍ አይተው አያውቁም።

«ኳሱን መትታችሁ ወዴት ነው የምትሰዱት?» አሉ አባ አቻምየለህ።

«ወደ ጉድጓድ፣ አባ» አለ ፈረደ።

«ከገባ ወዲያስ?»

«እናወጣዋለን።»

አባ አቻምየለህ ሁለቱን ጓደኞቻቸውን አዩ። ጓደኞቻቸው ወለሉን አዩ። ከዚያ ለረጅም ጊዜ የቆየ ክርክር ተካሄደ። ያኢር ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ አሳየ፤ ፈረደ በአየር ላይ እየመታ የመብራቱን ክዳን አወዛወዘ። መጨረሻ ላይ ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ ፍርዳቸውን እንዲቀበሉ ከሁለቱም መያዣ ጠየቁ። ፈረደ የራሱን ሰባት ቁጥር፣ ያኢር ደግሞ ከአልጋ ሥር ካስወጣው ካርቶን አዲሱን ሰባት ቁጥር አስረከቡ። መያዣው በአባ አቻምየለህ ቤት ይሰንብት፤ ዓርብ ጠዋት ሜዳ ላይ ሁለቱም በሽማግሌ ፊት ይምቱ፤ የተረታው የረታውን ይሳም። እንዲህ ተባለ። ፈረደ ብረቱን በሁለት እጁ ሲያቀብል፣ «እስቲ ይዩልኝ፣ አባ። ብረት ያውቃሉ» አለ። ያኢርም ላለመበለጥ፣ «የኔንም ይዩልኝ» አለ።

እንዲህ ማለታቸው ነው ጥፋቱ። እኔ እዚያው ነበርኩ፤ ከቀጥቃጭ ዘርም ነኝ፤ ግን አልታየኝም።

ዓርብ ጠዋት ሁላችንም ከሐዲዱ ወዲህ ባለው ሜዳ ተሰበሰብን። ለሽማግሌዎቹ የፕላስቲክ ወንበር ወጣ፣ የባሕር ዳር ጃንጥላም ተተከለላቸው። ባቡር ሲያልፍ መንገደኞቹ በመስኮት አፈጠጡብን። አባ አቻምየለህ ሁለቱን ብረቶች በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው፣ እንደ ሕፃን ታቅፈው መጡ። ፊታቸው ላይ ከዚያ በፊት ያላየሁት ደስታ ነበር። ጨርቁን ፈቱት።

የፈረደ ሰባት ቁጥር ስለት ወጥቶለታል። ያ የታችኛው ጠርዙ፣ ሊዮን እንዳይጫር ብሎ በጨርቅ ይሸፍነው የነበረው፣ ፀሐይ ላይ እንደ በግ ማረጃ ቢላ ያብለጨልጫል።

«ደንዞ ደንዞ ነው ያገኘሁት» አሉ አባ አቻምየለህ። «መሬት የሚመታ ብረት እንዴት እንዲህ ይተዋል? ጥሩ ብረት ነው፣ ፈረደ። እንደ ቅቤ ነው የተቀበለኝ።»

በእሳቸው ሞያ፣ ይዩልኝ ተብሎ የተሰጣቸውን ብረት እንዳለ መመለስ እንግዳን ጦሙን እንደ መሸኘት ነውር ነው። ደግሞም ዳኛ ናቸው፤ ለአንዱ ወገን አድልተው ለሌላው ሊነፍጉ አይችሉም። ስለዚህ የያኢርንም ስለዋል። እሱን ሲያወጡት ግን ፊታቸው ጠቆረ።

«ልጄ፣ እንዴት ብዬ እንደምነግርህ እንጃ» አሉ። «ድንጋዩ ገና ሲነካው ተቀደደ። ውስጡ ክፍት ነው፤ ብረት መስሎ ማስቲካ ጎርሶልሃል። የሸጡልህ ሰዎች አታለውሃል።»

ያኢር ያቺ ማስቲካ ስንት መሐንዲስ እንደደከመባት ሊያስረዳ ጀምሮ የሽማግሌውን ፊት ሲያይ ተወው። ፈረደ ብረቱን ተቀበለ። ብረቱን የሚያህል ነገር ሌላ ሰው አበላሽቶበት ቢሆን ኖሮ ሕንፃው ይሰማ ነበር። ግን እኚህ ሽማግሌ ናቸው፤ ሲደክሙ ሰንብተዋል፣ ደስም ብሏቸዋል። ስህተትን እዚያው የሚናገር ብረት የሚወደው ሰው፣ «እጅዎን ይባርከው፣ አባ» አለ። ያኢርም ዝቅ ብሎ የሽማግሌውን ጉልበት ሳመ። አባትና ልጅ በሽማግሌው ትከሻ ላይ ተያዩ፤ ከድግሱ ወዲህ በቅጡ ሲተያዩ ይህ የመጀመሪያቸው ነው።

መምታቱ አልቀረም፤ ፍርድ ፍርድ ነው። ፈረደ ኳሱን አስቀመጠ፣ ተስተካክሎ ቆመ፣ መታ። ብረቱ መሬት ውስጥ እስከ አንገቱ ገባና ቀጥ ብሎ ቆመ። ኳሱ ከነበረበት ንቅንቅ አላለም። ቀጥሎ ያኢር መታ። ኳሱ ሄደ፤ ማስቲካውም ተከትሎት ሄደ። አንደኛው ሽማግሌ የቱን እንቁጠር ብለው ጠየቁ።

ፈረደ ብረቱን ከመሬት ነቀለና አፈሩን በአውራ ጣቱ ጠረገ። ጠርዙን ሲያይ እጁ ቆመ። ስለቱ የወጣው በአንድ ወገን ብቻ ነው፤ ሌላው ወገን እንዳለ ተትቷል፣ ጫፉ ላይም ትንሽ ወደ ላይ ቀና ብሏል።

«ይህን አሳሳል የት ተማሩት?» አለ ቀስ ብሎ።

«ምነው? አባትህ አይደሉ ያስተማሩኝ?» አሉ አባ አቻምየለህ። «አንተ ሳትወለድ ሰባት ክረምት ወናፋቸውን ነፍቻለሁ። ሌላ አሳሳል አላውቅም።»

ያኢር ማስቲካ የነካውን እጁን ሱሪው ላይ እየጠረገ ቀረበ። «የማን አባት?»

«ያንተ አያት ናቸዋ።»

«አያቴ ገበሬ አልነበሩም እንዴ?»

አባ አቻምየለህ ሳቁ፤ እኛ የዘጋነው ምስጢር ለከበደው ጆሯቸው አልደረሰም ነበር። «ማን ነው እንዲህ ያለህ? ወገራ ውስጥ የእሳቸው እጅ ያላረፈበት ማረሻ አልነበረም።» ከዚያ ፈረደን ሲያዩት ሳቃቸውን ዋጡ። ፈረደ ብረቱን ደረቱ ላይ አስጠግቶ ያለቅሳል። አፍሯል። ከዕድሜ ልክ ውሸቱ ጋር በፕላስቲክ ወንበር ፊት ተገትሯል።

«ለምን አልነገርከኝም፣ አባ?» አለ ያኢር።

«ትምህርት ቤት ቡዳ እንዳይሏችሁ ብዬ።»

«አባ፣ እዚህ አገር ቡዳ ምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም» አለ ያኢር። «እዚህ በመልካችን የሚሉን ሌላ ነው።»

ቀርቦ አባቱን አቀፈው። ማን ማንን መሳም እንዳለበት ሽማግሌዎቹ ገና አልወሰኑም ነበር፤ ሁለቱ ግን ፍርድ ሳይጠብቁ ተሳሳሙ። አባ አቻምየለህ ይህን ሁሉ የራሳቸው ስለት ያመጣው መስሏቸው፣ ተሳስተዋልም አልልም፣ በጣም ደስ አላቸው። «እንግዲያው የቀሩትን ብረቶች ሁሉ ላኩልኝ» አሉ።

«ይቆይ፣ አባ» አሉ ፈረደና ያኢር፣ እኩል፣ በአንድ አፍ።

በዚያው ሰንበት ያኢር መጣ፤ ዳቦው ለእኔ አልተረፈም። አሁን ፈረደ በአዲሶቹ ይመታል። ሰባቱ ስለሌለ ከስድስት ወደ ስምንት ይዘላል፤ ሲስትም ኳሱ ስለሚሄድለት በድብቅ ደስ ይለዋል። ሲጠይቁት ግን የድሮዎቹ ይሻላሉ ይላል። ለምን ሲሉት፣ ስለት ይይዛሉ ይላል። አሮጌው ሰባት ቁጥር እንደተሳለ፣ በዘይት እንደተቀባ፣ ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

ባለፈው የትምህርት ዓመት ኤሊያና የቤተሰብ ሥር የሚባለውን ሥራ ትምህርት ቤት ታዘዘች። ልጆቹ ሁሉ ከአያት ቅድመ አያት የቆየ ዕቃ ይዘው መጥተው ታሪኩን ይናገራሉ። እሷ ከግድግዳው ላይ ብረቱን መረጠች። ፈረደ በጠዋት ተሸክሞላት ሄደ፤ እኔም ወደ ሥራዬ ስሄድ ስለነበር አብሬአቸው ነበርኩ። በሩ ላይ ወረፋ ነበር፤ እናቶች፣ ጋሪዎች፣ የሻማ መቅረዝና ፎቶግራፍ የያዙ ልጆች። ጥበቃው የብረቱን ጨርቅ ገልጦ አየና ዘሎ ወደ ኋላ አለ።

«ይህ ምንድን ነው? የጎልፍ ዱላ ነው? ማን ነው እንዲህ የሳለው?»

ፈረደ ጥበቃና ፖሊስ ፊት ድምፁ የሚጠፋ ሰው ነው፤ ወረቀት አውጣ ሳይባል ወረቀት ያወጣል። ያን ዕለት ግን ቀና ብሎ፣ በዚያ በፋብሪካ ዕብራይስጡ፣ ወረፋው ሁሉ እየሰማ፣ «አባቴ ቀጥቃጭ ነበር» አለ። «ይህ የሱ ስለት ነው። ለጎልፍ አይሆንም።»

እኔ እንደ አገሬ ልማድ ደንግጬ ዞር አልኩ፤ ልጁን የሸፈነ ሰው እንዳለ ለማየት። ማንም አልሸፈነም። ከኋላችን ያለችው እናት ብቻ ሰዓቷን አይታ፣ «እለፉ እንጂ፣ ዘገየን» አለች።